ሁለት ሕፃን ይዞ መጽሐፍ ማንበብ፦ ሰዓቱ ከየት ይምጣ?

ገጽ ስልሳ (ጠያቂ)

ሰላም ለሁላችሁ። የ4 ዓመት ሴት ልጅና የ11 ወር ወንድ ልጅ አሉን። ሁለታችንም የመንግሥት ሠራተኞች ነን፤ ከጠዋቱ 2:30 እስከ 11:30 ቢሮ፣ ከዚያ ሰርቪስ። ቀን ሞግዚት አለች፣ እሑድ ግን የለችም። ቤታችን ባለ አንድ መኝታ ኮንዶሚኒየም ስለሆነ ሌላ ክፍል ገብቶ በር መዝጋት የሚባል ነገር የለም። ልጆቹ የሚተኙት ከምሽቱ 3 ሰዓት ላይ ነው። ከዚያ በኋላ መጽሐፍ ሲከፈት ሁለት ገጽ ሳይሞላ እንቅልፍ ይመጣል፤ በማግስቱ ደግሞ ማን ምን እንዳለ ስለማላስታውስ ወደ ኋላ መመለስ ነው። ባለ 400 ገጽ ልብ ወለድ ከመስከረም ጀምሮ ገጽ 60 ላይ ቆሟል።

«ልጆቹ ሲያድጉ ታነቢያለሽ» የሚለውን ምክር በቃሌ ስለማውቀው እሱን ተዉልኝ። የምፈልገው አሠራሩን ነው። በየትኛው ሰዓት? ስንት ደቂቃ? ምን ዓይነት መጽሐፍ? ልጆቹስ እስከዚያ በምን ይያዙ? ስልክ ላይ ማንበብስ ያዋጣል?

ዕልባት

እህቴ፣ ከሰዓቱ በፊት መጽሐፉን እናስተካክለው። አንቺ እጅ ላይ ያለው ጊዜ የ10 ደቂቃ ቁርጥራጭ ነው፤ ልብ ወለዱ ደግሞ ምናልባት በ30 እና በ40 ገጽ ምዕራፍ የተጻፈ ነው። ሁለቱ አይገጥሙም። ምዕራፍ መሀል በዘፈቀደ እየተቋረጠ የሚነበብ መጽሐፍ ክሩ ይጠፋል፤ ገጽ 60 ላይ ያስቆመሽም ይኸው ይመስለኛል።

ስለዚህ መጽሐፉን ራስሽ ክፈዪው። አባቶቻችን የሚያውቁት ነገር ነው፦ ዳዊት የሚደግም ሰው 150ውን መዝሙር በአሥር በአሥር ከፍሎ «አንድ ንጉሥ፣ ሁለት ንጉሥ» እያለ ይዘልቀዋል፤ ቁርአንም 30 ጁዝ (ክፍል) ስላለው በረመዳን በቀን አንድ ጁዝ እያሉ በወር ያኸትሙታል። ለልብ ወለድም ይሠራል። መጀመሪያ ፍጥነትሽን ለኪ፦ ቢሮ ውስጥ በምሳ ሰዓት ለ10 ደቂቃ በተለመደው አነባበብሽ አንብቢና ገጹን ቁጠሪ። 5 ገጽ ከወጣ የቀረሽ 340 ገጽ 68 ክፍል ይሆናል፤ በቀን ሁለት ክፍል ካነበብሽ 34 ቀን ነው። አሁን እርሳስ ያዢና ሳታነቢ ገጹን እየገለጥሽ በየ5 ገጹ አካባቢ ባዶ መስመር ያለበትን ወይም ረጅም አንቀጽ የሚዘጋበትን ቦታ ፈልገሽ ዳር ላይ ትንሽ ጭረት አድርጊ። አንዱ ክፍል 4፣ ሌላው 7 ገጽ ቢሆን ችግር የለውም፤ ዋናው ነገር መቆሚያው አስቀድሞ መታወቁ ነው። ልጅ ሲጠራሽ «ጭረቱ ጋ ልድረስ» ማለት ይቻላል፣ «ምዕራፉን ልጨርስ» ማለት ግን አይቻልም።

ክሩ እንዳይጠፋ ደግሞ ዕልባቱ ሥራ ይሥራ። የመዳፍ ስፋት ያለው ወፍራም ወረቀት ቁረጪ። በአንዱ ፊት የሰዎቹን ስምና ዝምድና ጻፊ። የአማርኛ ልብ ወለድ ላይ አንድ ሰው ዛሬ በስሙ፣ ነገ በማዕረጉ፣ ከነገ ወዲያ በቁልምጫው ስለሚጠራ ሦስቱን በአንድ መስመር ላይ ጎን ለጎን አድርጊያቸው፤ «ይሄ ደግሞ ማነው?» እያልሽ ወደ ኋላ የምትመለሺው በአብዛኛው በዚህ ምክንያት ነው። በሌላው ፊት፣ በቆምሽ ቁጥር አንድ መስመር ብቻ፦ «ገጽ 65፣ ደብዳቤው ደርሷል፣ አባትየው አላወቀም»። ሁለተኛ መስመር አትጨምሪ። ማስታወሻ መያዙ ራሱ ሥራ ከሆነ በሦስተኛው ቀን ይቀራል።

ሰዓቱን በተመለከተ ከሥራ ቀን ሁለት ቦታ ይገኛል። አንደኛው የምሳ ሰዓት ነው፤ ከ6:30 እስከ 7:30 ካለው ውስጥ የመጀመሪያው 15 ደቂቃ። የመጨረሻው አይሁን፤ ወሬው ይበላዋል። ሁለተኛው የሰርቪስ ጥበቃ ነው። አውቶቡሱ እስኪመጣ ቆሞ ማንበብ ይቻላል፣ ሲንቀሳቀስ ግን ብዙ ሰው ያቅለሸልሸዋል፤ ዓይን የቆመ ገጽ ሲያይ የጆሮ ሚዛን ደግሞ እንቅስቃሴ ስለሚሰማው ነው። ውስጥ ከገባሽ በኋላ መስማት ይሻላል።

ቅዳሜና እሑድ ሕፃኑ ቀን ሲተኛ ሁሉም የሚሠራው ስህተት አንድ ነው፦ መጀመሪያ ዕቃ ይታጠባል፣ ልብስ ይሰበሰባል፣ ከዚያ «አሁን ላንብብ» ሲባል ልጁ ይነሳል። የሕፃን የቀን እንቅልፍ ብዙ ጊዜ ከ30 እስከ 45 ደቂቃ ላይ ይሰበራል፤ አንዱ የእንቅልፍ ዙር የሚያልቀው እዚያ ነው። ተራውን ገልብጪው። ልጁ እንደተኛ የመጀመሪያው 15 ደቂቃ የመጽሐፍ ነው፣ ዕቃው ቀጥሎ ይታጠባል። ዕቃ ልጅ አጠገብሽ ቁጭ ብሎ ድስት እየደበደበም ይታጠባል። አንድ ማስጠንቀቂያ፦ አሁን በ11 ወሩ በቀን ሁለት ጊዜ ይተኛ ይሆናል፤ ከ14 እስከ 18 ወር ባለው ጊዜ ግን አብዛኛው ሕፃን ወደ አንድ ይወርዳል። የጠዋቱ ጊዜሽ ያኔ ይጠፋል፣ የከሰዓቱ ይረዝማል። ያን ሰሞን «ልማዴ ፈረሰ» ብለሽ እንዳትተዪው።

ጎህ ሲቀድ

ይሄ ሁሉ ጭረት ምን ያደርጋል? ከሌሊቱ 11 ሰዓት ተነሺ፣ ሻይ አፍዪ፣ 40 ደቂቃ አንብቢ። በዓመት 20 መጽሐፍ ነው።

ቀስ በቀስ

@ጎህ ሲቀድ፣ ምክሩ የሚሠራላቸው ሰዎች አሉ፤ ጠያቂዋ ግን ከነሱ ውስጥ አይደለችም። በ11 ሰዓት ለመነሳትና 7 ሰዓት ሙሉ ለመተኛት ከምሽቱ 4 ሰዓት ላይ እንቅልፍ መውሰድ አለበት። ልጆቹ በ3 ሰዓት እየተኙ፣ ቤቱ እስኪስተካከል፣ ሕፃኑ ሌሊት አንዴ ወይም ሁለቴ እየተነሳ ይሄ ሒሳብ አይሞላም። አንድ ቀላል መለኪያ አለ፦ ቅዳሜ ያለ ማንቂያ ደወል ከተኛሽና ከሌላው ቀን ሁለት ሰዓት የሚበልጥ እንቅልፍ ከወሰደሽ፣ የእንቅልፍ ዕዳ አለብሽ። ዕዳ ያለበት ሰው በ11 ሰዓት ቢነሳም አንድ አንቀጽ ሦስት ጊዜ ይደግማል እንጂ አያነብም። በዚያ ላይ ባለ አንድ መኝታ ቤት ውስጥ በር ሲጢጥ፣ መብራት ሲበራ ልጆቹም አብረው ይነሳሉ።

ከዚያ ይልቅ የልጆቹን የመኝታ ሰዓት ማስቀደም ይሻላል። ለ3–5 ዓመት ልጅ የሚመከረው የቀን እንቅልፍ ተጨምሮ በ24 ሰዓት ከ10 እስከ 13 ሰዓት ነው፤ ለሕፃኑ ከ12 እስከ 16። ትልቋ በ3 ሰዓት ተኝታ ለትምህርት 12:30 ላይ ከተነሳች ሌሊቱ 9 ሰዓት ተኩል ነው፤ ቀን ካልተኛች ከመነሻውም በታች ነው ማለት ነው። ስለዚህ የቀደመ መኝታ ለእሷም ይጠቅማታል፣ መስዋዕትነት አይደለም።

አወራረዱ በአንድ ጊዜ አይሁን። በየ3 ቀኑ 15 ደቂቃ ቀንሺ፦ 2:45፣ 2:30፣ 2:15፣ 2:00። በ12 ቀን አንድ ሰዓት ተገኘ። እራትም በዚያው መጠን መቅደም አለበት፤ መኝታውን ብቻ አምጥቶ እራቱን 2 ሰዓት ላይ መተው ዋናው የመክሸፊያ ምክንያት ነው። ሁለተኛው ቴሌቪዥን ነው፤ ከመኝታ በፊት ባለው ግማሽ ሰዓት ይዘጋ፣ ትልቁ መብራትም ይጥፋ። ሦስተኛው፣ አፀደ ሕፃናት ውስጥ ከሰዓት በጣም ዘግይታ የምትተኛ ከሆነ ነው። መምህሯን ስንት ሰዓት ላይ እንደምትነሳ ጠይቂ፤ 10 ሰዓት ላይ የተነሳ ልጅ 2 ሰዓት ላይ አይተኛም።

የተገኘውን ሰዓት ሙሉውን ለመጽሐፍ አትስጪው። 20 ደቂቃ ብቻ፣ እሱም መጀመሪያ ላይ፣ ቁጭ ብለሽ። ትራስ ላይ ጋደም ብሎ የሚነበብ መጽሐፍ እንቅልፍ መጥሪያ ነው፤ አስቸጋሪ ወንበር ይሻላል። መብራቱ ከትከሻሽ ጀርባ፣ ወደ ገጹ ያዘነበለ፣ ቢጫ ብርሃን ያለው ትንሽ ቻርጅ የሚደረግ ይሁን። መብራት ሲጠፋም ያገለግላል። ሻማ ልጆች በተኙበት ክፍል አይሁን፤ ብርድ ልብስና መጋረጃ ቅርብ ነው።

ሕፃኑን እያጠባሽ ማንበብም ይቻላል፣ በአንድ እጅ የሚያዝ ነገር ከሆነ። ጠንካራ ሽፋን ያለው ወፍራም መጽሐፍ አይሁን፤ ወድቆ ይመታዋል። አንድ ነገር ግን አደራ፦ ሌሊት ላይ ሶፋ ወይም የሚያሰምጥ ወንበር ላይ እያጠቡ ማንበብ እንቅልፍ ከወሰደሽ አደገኛ ነው፤ ሕፃን በሰውነትና በመደገፊያው መሀል ሊታፈን ይችላል። ዓይንሽ ከከበደ መጽሐፉን አስቀምጪ፣ ልጁንም ወደ መኝታው።

አፀደ

ስለ ትልቋ ልጅ እኔ ልጨምር። የ4 ዓመት ልጅን «ዝም ብለሽ ተጫወቺ፣ እማዬ ታንብብ» ማለት አይሠራም፤ ልጅ መጨረሻው የማይታወቅ ነገር ያስፈራታል። ስለዚህ መጨረሻውን በዓይኗ ታየው። የግድግዳ ሰዓት መስታወት ላይ ቀይ ፕላስተር ለጥፊና «ረጅሙ ቆጣሪ ቀዩ ጋ ሲደርስ እመጣለሁ» በያት። የስልክ ማንቂያ አትጠቀሚ፤ ስልኩ ከወጣ ጨዋታው እሱ ይሆናል።

አንድ ካርቶን አዘጋጂ፤ የሚከፈተው በዚያ ሰዓት ብቻ ነው። ውስጡ ከ4 የማይበልጥ ነገር ይግባ፦ ወፍራም የቀለም እርሳስና ያገለገለ የቢሮ ወረቀት፣ የምትገጣጥመው ሥዕል፣ የምታለብሰው አሻንጉሊት፣ ሊጥ። በየሳምንቱ ሁለቱን አውጥተሽ በሌላ ተኪ፤ ሁሌ የሚታይ ዕቃ በአራተኛው ቀን ይሰለቻል። ሕፃኑ መሬት ላይ የሚድህ ስለሆነ ዶቃ፣ አዝራር፣ ሳንቲም ካርቶኑ ውስጥ እንዳይገባ።

ሊጡን ቤት ውስጥ ማዘጋጀት ይቻላል፦ 2 ሲኒ የስንዴ ዱቄት፣ 1 ሲኒ ደቃቅ ጨው፣ 1 ሲኒ ለብ ያለ ውሃ፣ አንድ የሻይ ማንኪያ ዘይት። ውሃውን በአንድ ጊዜ አታፍስሺው፤ ሦስት አራተኛውን ጨምረሽ አሺና እጅ ላይ መጣበቅ ሲያቆም ተዪው። ከላላ ዱቄት፣ ከተሰነጠቀ ጥቂት ውሃ። በፌስታል ጠቅልለሽ ፍሪጅ ካስቀመጥሽው ሳምንት ይቆያል። ጨው ስለበዛበት ግን ሕፃኑ እጅ መግባት የለበትም፤ ትልቋም እንዳትበላው ይነገራት።

የመጀመሪያዎቹ ሦስት ቀናት 5 ደቂቃ ብቻ፣ አንቺም አጠገቧ ቁጭ ብለሽ እያነበብሽ። ከዚያ በየ3 ቀኑ 2 ደቂቃ ጨምሪ። 15 ደቂቃ ላይ ስትደርሺ ቁሚ፤ ከዚያ በላይ የሚቆዩ የ4 ዓመት ልጆች አሉ፣ ግን ዕቅድ አይያዝበትም። ነገሩን የሚያበላሸው አንድ ነገር ነው፦ ቆጣሪው ቀዩ ጋ ደርሶ «አንድ ገጽ ብቻ» ማለት። አንድ ቀን ከሆነ ልጅቷ ቀዩን ፕላስተር ማመን ትተዋለች፣ በማግስቱ በሁለተኛው ደቂቃ ላይ ትመጣለች። @ዕልባት የመከረው የእርሳስ ጭረት እዚህ ላይ ነው ጥቅሙ የሚታየው።

በዚህ ሰዓት የሚነበበው የወረቀት መጽሐፍ ይሁን። ልጅ ስልክ ላይ መጽሐፍ ይነበብ ፌስቡክ ይታይ መለየት አትችልም፤ የምታየው እናቷ ስልክ ይዛ ዝም እንዳለች ብቻ ነው።

ፒዲኤፍ ጠላሁ

ስለ ስልኩ ጠይቀዋል፣ ማንም አልመለሰም። መልሱ እንደ ፋይሉ ነው።

በቴሌግራም የሚዞረው አብዛኛው የአማርኛ መጽሐፍ ፎቶ የተነሳ ፒዲኤፍ ነው። ይህ ማለት ገጹ ሥዕል ነው፤ ፊደሉን ማሳደግ ማለት ገጹን ማጉላት ነው፣ ከዚያ እያንዳንዱን መስመር ወደ ግራና ቀኝ መጎተት። 10 ደቂቃ ላለው ሰው ይህ ሁለት ደቂቃ ይበላል። ብዙው ደግሞ ያለ ደራሲው ፈቃድ የተለቀቀ ነው፤ ገበያው ላይ ያለ መጽሐፍ ከሆነ ገዝተው ቢያነቡ ለደራሲውም ለዓይንዎም ይሻላል። ወረቀቱን ብቻ እንደምርጫ አላቀርብም፣ ግን ሥራ ላይ ላለች እናት ወረቀት አንድ ትልቅ ብልጫ አለው፦ ማሳወቂያ አይመጣበትም።

ግዴታ ፒዲኤፍ ከሆነ፣ ኮሪደር (KOReader) የሚባለውን ነፃ መተግበሪያ አንድሮይድ ላይ ይጫኑ። ነጩን ዳር ቆርጦ ይጥላል፤ ፎቶ የተነሳውን ገጽም በቃላት ቆራርጦ እንደገና በስልኩ ስፋት ይደረድረዋል። ሁለት ገጽ በአንድ ፎቶ ከተነሳ ግን ቅደም ተከተሉ ሊዘበራረቅ ይችላል፤ ያኔ ስልኩን አጋድሞ ማንበብ ይቀላል።

ኪንድል ወይም ኮቦ የሚባለው የኤሌክትሮኒክ መጽሐፍ ማንበቢያ ካለዎትና ኢፐብ ፋይል (ገጹ ሥዕል ሳይሆን ፊደል የሆነ የመጽሐፍ ፋይል) ካገኙ፣ ፊደሉ ሳጥን ሳጥን ሆኖ ከታየ መሣሪያው የግዕዝ ፊደል የለውም ማለት ነው። ኖቶ ሴሪፍ ኢትዮፒክ ወይም አቢሲኒካ የተባለውን የግዕዝ ፊደል በነፃ አውርደው፣ በኬብል አገናኝተው «ፎንትስ» በሚለው ማኅደር ውስጥ ይክተቱ፤ ከዚያ ከማንበቢያው የፊደል ዝርዝር ይምረጡት። ፊደሉ ሳጥን ሳይሆን ትርጉም የሌለው የላቲን ፊደልና ምልክት ሆኖ ከመጣ ግን ጉዳዩ ሌላ ነው፦ ጽሑፉ የተተየበው በድሮው የአማርኛ መጻፊያ ፕሮግራም በፓወር ግዕዝ ወይም በቪዥዋል ግዕዝ ነው፣ ዛሬ መሣሪያዎች በጋራ በሚያነቡት በዩኒኮድ አይደለም። መጀመሪያ መለወጥ አለበት።

መስማትን በተመለከተ፦ ዩኒኮድ የሆነ የአማርኛ ጽሑፍ ካለዎት ማይክሮሶፍት ኤጅ ማሰሻ ጮክ ብሎ ያነባል፤ መቅደስና አመሃ የሚባሉ ሁለት የአማርኛ ድምፆች አሉት። ለዜናና ለመጣጥፍ ይበቃል። ለልብ ወለድ ግን ያስቃል፣ ምክንያቱም ፊደላችን ማጥበቅና ማላላትን አይጽፍም። «ገና» በዓሉ ይሁን «እስካሁን»፣ «ዋና» መዋኘቱ ይሁን «ዋነኛ»፣ «አለ» ተናገረ ይሁን «ይገኛል»፣ ማሽኑ ይገምታል፤ ብዙ ጊዜም ይስታል። ሰው የተረከው ካገኙ እሱን ይምረጡ። ወጋየሁ ንጋቱ ለኢትዮጵያ ሬዲዮ ፍቅር እስከ መቃብርን የተረከበት ድምፅ እስካሁን የሚደመጠው የሚጠብቀውንና የሚላላውን፣ የሚነሳውንና የሚወድቀውን ስለሚያውቅ ነው።

ለመስማት ምቹው ሰዓት ሽንኩርት የሚቁላላበት ነው። ለዶሮ ወጥ ከሆነ አንድ ሰዓትም ይፈጃል፣ እጅ ተይዟል፣ ዓይን ድስቱ ላይ ነው፣ ጆሮ ግን ነፃ ነው። ማዳመጫውን በአንድ ጆሮ ብቻ ያድርጉ፤ ሌላው ለልጆቹ ነው።

ሲልቨር ስፕሪንግ

ከአገር ውጭ ሆነው ይህን ለምታነቡ ወላጆች፦ የአካባቢያችሁ ላይብረሪ ካርድ ካላችሁ ሊቢ የሚባለው መተግበሪያ መጽሐፍም የሚደመጥ መጽሐፍም በነፃ ያውሳል። ቀኑ ሲደርስ ራሱ ስለሚመልስ የዘገየ ቅጣት የለም። ልጅ ያለው ሰው የሚወድቅበት ወጥመድ ተራ መያዝ ነው፤ ስድስት መጽሐፍ ተራ ተይዞ አራቱ በአንድ ሳምንት ይደርሳሉ፣ አንዱም ሳይነበብ ሁሉም ይመለሳሉ። መጽሐፉ ሲደርስ «በኋላ ይድረሰኝ» የሚል አማራጭ አለ፤ ተራችሁን ሳታጡ በሳምንታት ታዘገዩታላችሁ። በአንድ ጊዜ አንድ የሚነበብ፣ አንድ የሚደመጥ፣ ከዚያ በላይ አትበደሩ።

አማርኛ መጽሐፍ ግን እዚያ ብዙም አታገኙም። ለልጆች አፍሪካን ስቶሪቡክ ድረ ገጽ ላይ በአማርኛ ነፃ ተረቶች አሉ፣ ማተምም ይፈቀዳል።

ገጽ ስልሳ (ጠያቂ)

እግዚአብሔር ይስጥልኝ፤ ጭረቱን ዛሬ ምሳ ሰዓት ላይ ጀምሬዋለሁ። ሁለት ነገር ቀረኝ። እሑድ ሞግዚት የለችም፤ ባለቤቴም ማንበብ ይፈልጋል፣ ሁለታችንም «አንዴ ያዝልኝ፣ አንዴ ያዢልኝ» ስንባባል ቀኑ ያልቃል። ሁለተኛ፣ ሕፃኑ ያገኘውን ገጽ ይቀዳል፣ የቀረውን ያኝካል። የእህቱ የተረት መጽሐፎች አልቀዋል።

ዕልባት

«አንዴ ያዝልኝ» የሚበላሸው መጀመሪያውም መጨረሻውም ስለማይታወቅ ነው። ተራው በሰዓት ይጻፍ። ለምሳሌ እሑድ ከቀኑ 9 እስከ 10 የሱ፣ ከ10 እስከ 11 ያንቺ። ተረኛው አንባቢ ከቤት ይውጣ። ቤት ውስጥ የተቀመጠ ወላጅ ተራ ላይ አይደለም፤ ልጆቹ በ5 ደቂቃ ያገኙታል፣ ልጅ የያዘውም «ዳይፐሩ የት ነው?» እያለ ይጠራዋል። የግቢው አግዳሚ ወንበር፣ አጠገባችሁ ያለ ሻይ ቤት፣ ለአራት ኪሎ ቅርብ ከሆናችሁ አብርሆት ቤተ መጻሕፍት። መንገዱ ከ10 ደቂቃ ከበለጠ ግን ተዉት፤ አንድ ሰዓቱ ከ40 ደቂቃ በታች ይሆናል። ስልክ ለአስቸኳይ ብቻ፣ ምን አስቸኳይ እንደሆነም ቀድማችሁ ተስማሙ፤ ትኩሳት አስቸኳይ ነው፣ ካልሲ አይደለም።

አንዱ ከታመመ ወይም ለቅሶ ከመጣ ተራው ይቀራል እንጂ ወደ ሳምንት አይዞር። «የባለፈው ዕዳ አለብህ» የሚባል ሒሳብ ከተጀመረ ንባቡ ቀርቶ ክርክሩ ይተርፋል። የቡና ሰዓትንም ለንባብ አትንኩት። ከአቦል እስከ በረካ የጨዋታ ጊዜ ነው፤ እዚያ መጽሐፍ የሚገልጥ ሰው ንባቡንም ጨዋታውንም ያጣል።

ስለሚነበበው አንድ ነገር ልጨምር። ከዚህ ትልቅ ልብ ወለድ ጎን አንድ ቀጭን መጽሐፍ ይኑር፤ ወግ፣ አጭር ልብ ወለድ ወይም ግጥም፣ አንዱ ቁራጭ በ10 ደቂቃ የሚያልቅ። እንቅልፍ አጥተሽ ባደርሽበት ቀን ትልቁን አትክፈቺው፣ ቀጭኑን ብቻ። ቀጭኑ ቦርሳ ውስጥ፣ ትልቁ ወንበሩ ላይ ይቀመጥ፤ ቦታቸው አይቀያየር። ሦስተኛ መጽሐፍ አትጀምሪ።

አፀደ

ስለሚቀደደው፦ በ11 ወር ማኘክ የመመርመሪያ መንገዱ ስለሆነ «አይ!» እያሉ መንጠቅ የትም አያደርስም፤ ሲነጠቅ ነው ገጹ የሚቀደደው። ጠንካራ ካርቶን ገጽ ያለው አንድ መጽሐፍ የራሱ ይሁን፣ እሱን ያኝክ። ሌላ መጽሐፍ ሲይዝ የራሱን አቀብዪውና ሌላውን ቀስ ብለሽ ውሰጂ። የእህቱ መጽሐፎች እሱ ቆሞ ከሚደርስበት በላይ ይቀመጡ።

አገር ውስጥ የሚታተሙት የልጆች መጽሐፎች አብዛኞቹ ስስ ወረቀት ናቸው፣ መሀላቸውም በሁለት ሽቦ የተሰፋ ነው። አዲስ እንደገዛሽ፣ ገና ሳይነካ፣ ሽቦዎቹ ባሉበት እጥፋት ላይ ከውስጥም ከውጭም ሰፊ ግልጽ ስኮች ለጥፊ፤ መጀመሪያ የሚለቀው እሱ ነው፣ የወለቀ ሽቦ ደግሞ የሕፃኑን አፍ ይወጋል። ሽፋኑን ደብተር በሚሸፈንበት ላስቲክ ሸፍኚው። የተቀደደ ገጽ ስትጠግኚ ስኮቹን በአንድ ፊት ብቻ አትለጥፊ፤ ወረቀቱ ይጠቀለልና በሌላ በኩል ይቀደዳል። ሁለቱንም ፊት ለጥፊ፣ ከገጹ ዳር ደግሞ ሁለት ሚሊ ሜትር ያህል አስተርፈሽ ቁረጪ፤ ምራቅ የሚገባው በዚያ በኩል ነው።